የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ በጤፍ ኩንታል ሲመዘን

የቡናና የእህል ዋጋውን እንደ ሁሌው ማታ እለቃለሁ። አሁን ግን ሰሞኑን ገበያ ላይ የሚነሳ አንድ ነገር ልጻፍ፣ እሱም ያው የዋጋ ጉዳይ ነው።

አንድ ላኪ ከመንግሥት ቤት ቡና ቀማሽ መውሰድ ይፈልጋል። "እጥፍ እከፍልሃለሁ፣ ጡረታ ምናምን የለም፣ ሙሉውን በእጅህ" ይለዋል። ልጁም ደስ ብሎት ይለቃል። እንዲህ ያለ ስምምነት ፊቴ ሲደረግ ከአንድም ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። እኔ ግን ያ እጥፍ፣ እጥፍ አይደለም ባይ ነኝ።

ሒሳቡን እንየው። የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሲቪሉን ማለቴ ነው፣ ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጥበታል፤ መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ይጨምርለታል። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው 60 ዓመት ሲሞላው ዕድሜ ልኩን አበል ይበላል። ለ10 ዓመቱ የአማካይ ደመወዙ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰብለታል፤ ጣሪያው 70 ነው። 30 ዓመት የሠራ 55 በመቶ ይደርሰዋል ማለት ነው። ቢሞት ሚስቱ የአበሉን ግማሽ ታገኛለች።

ደመወዙ ላይ የማይታይም አለ። ስንት ሚሊዮን የምናንቀሳቅስ ሰዎች ገንዘብ ያዥ ስንቀጥር "ዋስ አምጣ" እንላለን። የሚመጣው ማነው? ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ያጻፈ የመንግሥት ሠራተኛ! የወር ደመወዙ አይቋረጥም ብለን ስለምናምን እኮ ነው።

ግን ውሉ ቀዳዳ አለው፣ ደብቄ አልከራከርም። አበሉ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ዋጋ በሚረጋጋበት ዘመን ይህ ችግር የለውም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ግን ገበያውን ታውቁታላችሁ። መንግሥትም ደመወዝ ጨምሯል፣ በመስከረም 2018 ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ገብቷል። እንግዲህ አንዱ ሁለት ዓመት 9,000 ብር ሲያገኝ ቆይቶ በመጨረሻው ዓመት 15,000 ገባ እንበል። አማካዩ 11,000፣ የ30 ዓመት አገልግሎት ካለው አበሉ 6,050 ብር ነው። በመጨረሻው ደመወዝ ቢሰላለት 8,250 ይሆን ነበር። በየወሩ 2,200 ብር ቀረበት፣ ያውም ዕድሜ ልኩን። በኛ ቋንቋ፣ ዛሬ አስረክቦ ባለፉት ሦስት ዓመታት አማካይ ዋጋ የሚከፈለው ሻጭ ነው። የትኛው ዩኒየን ነው እንዲህ ያለ ውል የሚፈርም?

ከወጣ በኋላ ደግሞ ጤፍ ሲጨምር አበሉ አብሮ አይጨምርም፣ ማስተካከያ እስኪወሰን ይጠብቃል። 6,050 ብር ስንት ኪሎ ነጭ ጤፍ እንደሚገዛ እናንተው አስሉት። መንግሥት ሊነካው የሚገባው ይህችን ስሌት ነው። ለኛም ቢሆን ባዕድ ጉዳይ አይደለም፤ ወሩ ሲያልቅ የእህል ሱቁን የሚሞላው ደመወዝተኛውና ጡረተኛው ነው።

ይህን የሰማ ላኪ "ታዲያ እኔስ ምን አልኩ፣ በእጁ ቢይዝ አይሻለውም?" ሊል ይችላል። አይሻለውም። በአዋጅ 1268/2014 መሠረት የግል ድርጅትም ያው 7 እና 11 ነው። ከመንግሥት ቤት የመጣ ሰው አዲሱ ቀጣሪ ካስመዘገበው የድሮ አገልግሎቱ ይያዝለታል። 8 ዓመት የሠራን ቀማሽ "ሙሉውን በእጅህ" ስትሉት 11 በመቶዋን ብቻ አይደለም ያስቀራችሁበት። 10 ዓመት ሳይሞላው ከቀረ የሚያገኘው አንድ ጊዜ ተቀብሎት የሚያልቅ ገንዘብ ነው፤ የዕድሜ ልኩን አበል በሁለት ዓመት አጣው ማለት ነው። በወረቀት 4 ሺህ፣ በእጅ 15 ሺህ የምትከፍሉም አላችሁ። አበሉ የሚሰላው በወረቀቱ ነው። የመጋዘን ቡና ለቃሚ ሴቶች ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚፈልግ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።

ቀማሽ ወይም የሒሳብ ሠራተኛ ፈልግልን የምትሉኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ ደመወዙን ስትልኩልኝ 11 በመቶውንም ጨምራችሁ ላኩ። ያለሱ ሰው አላገናኝም፣ ኮሚሽኑም ይቅርብኝ።

የዋጋ ዝርዝር ማታ 2 ሰዓት ላይ።