«ሚሞሪ ይበላል» አሉን

ሰሞኑን ስለ አዲስ አበባ ዲጂታል ካርታ ሲወራ አንድ ወጣት የሶፍትዌር ባለሙያ «ለአንድ ሰፈር አራት አምስት ስም መደርደር ሚሞሪ ይበላል፤ አንድ የእንግሊዝኛ ስም ይበቃዋል» ብሎ እርፍ! ለምሳሌነት የመረጠው ደግሞ የፒያሳውን ሰፈር፣ ዶሮ ማነቂያን ነው። «እሱማ ፈርሷል እኮ!» አለ። የሰሙትም አንገታቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። «ሚሞሪ» ካለ ሰው ጋር ማን ይሟገታል?

እኔ እሟገታለሁ። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። «ዶሮ ማነቂያ» ስድስት ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ ነው። ጃቫ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የኛን ፊደል በሁለት ሁለት ባይት ስለሚያስቀምጥ 14 ባይት ይሆናል። ፋይል ላይ በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ 19። ጃቫ በየጽሑፉ ላይ የሚጭነውን መያዣ ብትጨምሩበት እንኳ መቶ ባይት አይሞላም። የካርታው አፕ ሲከፈት የሚሽከረከረው የባለቤቱ ድርጅት አርማ ግን የስንት ሰፈር ስም እንደሚበላ ወዳጃችን ቆጥሮት አያውቅም። አርማው ቆንጆ ነዋ!

ደግሞ ሚሞሪ የምር ያስጨነቃቸው ሰዎች ለነገሩ መላ ካበጁለት ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 በተጀመረው፣ ማንም ሊያርመው በሚችለው የኦፕን ስትሪት ማፕ ካርታ ላይ ቤቱም መንገዱም የሚገለጸው በታግ፣ ማለትም በቁልፍና በእሴት ጥንድ ነው። ካርታው የሚታረምበት ጆዝም የተባለው ፕሮግራም እነዚህን ጥንዶች ሃሽማፕ በተባለው የተለመደ የጃቫ መያዣ ውስጥ አይከታቸውም። ሃሽማፕ በተለመደው ባለ 64 ቢት ጃቫ ለእያንዳንዱ ጥንድ 32 ባይት የሚይዝ ዕቃ ይፈጥራል፤ 16 ክፍል ያለው ሠንጠረዥም ከላይ ይጨምራል። ጆዝም ግን በአንድ ረድፍ ቁልፍ፣ እሴት፣ ቁልፍ፣ እሴት እያለ ይደረድራቸዋል። ለጥንዱ 8 ባይት ማመልከቻ፣ በቃ። አብዛኞቹ የካርታው ነጥቦች የመንገድና የግድግዳ መታጠፊያ ስለሆኑ ታግ የላቸውም፤ ስለዚህ ረድፉም የላቸውም። ታግማፕ የሚባለው የጆዝም ክላስ ይህንኑ ረድፍ እንዳለ ተቀብሎ እንደ ማፕ ያስነብባል፤ የሚለወጥ ነገር ሲመጣ ብቻ አዲስ ቅጂ ያወጣል። ፍለጋው ከፊት ጀምሮ አንድ በአንድ ነው። ታጉ ጥቂት እስከሆነ ድረስ ይህ ምንም አያዘገይም።

ልብ በሉ፤ እነዚያ ሰዎች የቆጠቡት ከመያዣው ነው። የኛው ሰው ከይዘቱ ሊቆጥብ ተነሣ። ሰነፍ ፕሮግራመር ሚሞሪ ሲያጥረው ኮዱን አይቶ አያውቅም፤ የሚታየው የሚሰረዝ መረጃ ነው።

«አንድ የእንግሊዝኛ ስም» የተባለውስ የቱ ይሆን? ማነቂያን በላቲን አንዱ በኬ ይጽፈዋል፣ ሌላው በኪው፤ መጨረሻውን በዋይ የሚጽፍም አለ። አንዱን መርጠህ ሌላውን ስትጥል ዕቃ የሚያደርሰው ልጅ ስልኩ ላይ ስሙን ጽፎ «አልተገኘም» ይባላል። ከዚያ ደውሎ «ከምን ፊት ለፊት ነው? ከጊዮርጊስ በየት በኩል?» እያለ ቡናህ ይቀዘቅዛል። ሚሞሪው ግን ተቆጥቧል!

ፈርሷል ለተባለው፣ አዎ፣ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። መሬት ላይ የሌለ ቤት ከካርታው ይነሣ፣ የኦፕን ስትሪት ማፕ ልማድም ይኸው ነው። ስሙን ግን ግሬደር አልነካውም፤ ሰው ዛሬም «ዶሮ ማነቂያ ጋ» ብሎ ይቀጣጠራል። ፒያሳ የጣሊያን ዘመን ስም ነው፣ አራዳ ከዚያ በፊት ነበረ፤ አንዱ ሌላውን ሳያጠፋ ሁለቱም እየተጠሩ አሉ። ካርታውም ለዚህ ሲል ለአማርኛ ስም፣ ለድሮ ስም፣ ለሌላ ስም ለየብቻ ቁልፍ አለው። ይህን ሁሉ ትቶ «አንድ ይበቃል» የሚል ሰው ሰፈሩን የሚያውቀው ከቢሮው መስኮት ነው።

እናንተ ካርታ የምታርሙ ልጆች፣ ይህን ምክር አትስሙ። አማርኛውን ጻፉ፣ የድሮውንም ጻፉ፣ በላቲን የሚለያየውንም ጨምሩ። ኦፕን ስትሪት ማፕ ለአንድ እሴት እስከ 255 ፊደል ይፈቅዳል። ዶሮ ማነቂያ የሚፈልገው 7 ነው።