ሳተላይቱ ካለፈ በኋላ የሚነድ እሳት

በሰሜን ሕንድና በምሥራቅ ፓኪስታን የሩዝ ምርት በሚሰበሰብባቸው የኦክቶበርና የኖቬምበር ወራት፣ ከሕዋ የሚነሱ ምስሎች ከላሆር እስከ ዴልሂ የተዘረጋ ግራጫ መጋረጃ ያሳያሉ። ከፊሉ የተሽከርካሪና የፋብሪካ ጭስ ሲሆን፣ ከፊሉ ደግሞ በማሳ ላይ የሚቃጠል የሩዝ ገለባ ነው። በኖቬምበር 2024 የፓኪስታኗ ፑንጃብ ትምህርት ቤቶቿን እስከ መዝጋት ደርሳለች።

እሳቱን ሲቆጥሩ የኖሩት እንደ አኳና ሱኦሚ ኤንፒፒ ያሉ፣ ከዋልታ ዋልታ የሚዞሩ ሳተላይቶች ናቸው። ሙቀትን ለይተው ያያሉ፤ ሆኖም ከአካባቢው በላይ በቀን ብርሃን የሚያልፉት ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በቅርብ ዓመታት በሕንድ በኩል የተመዘገበው የእሳት ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ ተባለ። የጭሱ መጠን ግን በዚያው ልክ አልቀነሰም። ከምድር ጋር እኩል እየዞረ፣ ከ36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ በየ10 ደቂቃው ምስል የሚያነሳው የደቡብ ኮሪያ ሳተላይት ምክንያቱን አሳየ፤ ብዙው እሳት የሚለኮሰው ቆጣሪዎቹ ካለፉ በኋላ፣ አመሻሹ ላይ ነበር።

ሆን ተብሎም ይሁን በሌላ ምክንያት፣ ገበሬውን ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም። የሕንድ ፑንጃብ የከርሰ ምድር ውኃን ለመቆጠብ በ2009 ባወጣችው ሕግ የሩዝ ተከላ ዘገየ፤ አጨዳውም አብሮ ዘገየ። ስንዴ ለመዝራት የቀረው ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ብቻ ነው፤ ገለባውን በፍጥነትና ያለ ወጪ የሚያስወግደው ክብሪት ነው። መንግሥት በኖቬምበር 2024 ቅጣቱን በእጥፍ አሳድጎ እስከ 30,000 ሩፒ አደረሰው። ስንዴን በገለባው መካከል የሚዘራ ማሽን ግን አለ፤ ድሃው ገበሬ በወቅቱ ሊከራየው መቻሉ ነው ጥያቄው።

ስለዚህ የእሳት ቁጥር ዝቅ ማለቱን እንደ ድል ማወጅ ስሕተት ነው። ሳተላይት የሚያየው ከላይ ያለውን የጭስ ዓምድ እንጂ ሕፃናት የሚተነፍሱትን አየር ለይቶ አይደለም፤ የምድር መለኪያዎች ሊደግፉት ይገባል። ምስሉም ለቅጣት መዝገብ ብቻ መዋሉ ይብቃ። በየዓመቱ ቀድመው የሚነዱትን ወረዳዎች ያሳያልና፣ ማሽኑ ከአጨዳው በፊት ወደዚያው ይላክ። ላሆርና ዴልሂም አንዱ የሌላውን ጭስ ከመቁጠር ይልቅ ነፋሱ ከመዞሩ በፊት ማስጠንቀቂያ ይለዋወጡ።