ሞተር ሳይክል የሚገዛ መሥሪያ ቤት ፊልትሮውንም ይግዛ

የግብርና፣ የጤናና የእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎች መኪና ወደማይዘልቅባቸው ቀበሌዎች የሚደርሱት በአብዛኛው በሞተር ሳይክል ነው። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ቁመቱ ከፍ ያለ፣ ጎማው ጥርሳም፣ ኮረኮንች የሚችል ዓይነት ሲሆን እንደ ያማሃ ኤጂ 100 እና ዲቲ 125 ያሉት በብዙዎች ዘንድ የታወቁ ናቸው። ለግዢው ጨረታ ይወጣል፣ ለነዳጅና ለውሎ አበል በጀት ይያዛል። ከመቀመጫው ሥር ወይም ከጎን ሽፋኑ ጀርባ የተቀመጠው የአየር ማጣሪያ፣ መካኒኮች ፊልትሮ የሚሉት ስፖንጅ ግን የሚታወሰው ብዙውን ጊዜ ሞተሩ መጨስ ከጀመረ በኋላ ነው። አቧራ በበዛበት አካባቢ የሚሠራ ሞተር ዕድሜ የሚወሰነው ከምንም በላይ በዚህ ስፖንጅ ንጽሕና ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ፊልትሮ ማጽዳት ለጋራዥ የሚተው ጉዳይ ሳይሆን የነጂው የዘወትር ሥራ፣ የመሥሪያ ቤቱም የበጀት ርዕስ ሊሆን ይገባል።

ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል ከክብደቱ 14.7 እጥፍ ያህል አየር ይፈልጋል። አንድ ሊትር ቤንዚን ያቃጠለ ሞተር ወደ 11 ኪሎ ግራም አየር ስቧል ማለት ነው፤ ይህም በባሕር ጠለል ከፍታ ሲለካ 9 ሺህ ሊትር ገደማ ይሆናል። በደጋ አየሩ ስለሚሳሳ መጠኑ ከዚያም ይበልጣል። በበጋ ከአይሱዙ ኋላ አቧራ እየጠጣ በሚሄድ ሞተር ውስጥ ይህ ሁሉ አየር ምን ይዞ እንደሚገባ መገመት አያዳግትም። በአቧራው ውስጥ ያለው የአሸዋ ማዕድን፣ ኳርትዝ፣ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ላይ ይቀመጣል፤ የመስኮት መስታወት 5.5 አካባቢ ነው። ይህ ደቃቅ ነገር በፒስተኑ ቀለበቶችና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ከገባ ሁለቱንም ይሞርዳቸዋል፤ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ዘይት ይበላል። ኤጂ 100ን በመሳሰሉ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ደግሞ አየሩ ወደ ሲሊንደሩ ከመድረሱ በፊት የክራንኩን ክፍል አቋርጦ ስለሚያልፍ ኩሽኔታዎቹም ከጉዳቱ አይተርፉም።

ይህን ሁሉ የሚያስቀረው ሥራ ከአንድ ሰዓት በታች ያልቃል፤ መድረቂያው ጊዜ ብቻ ይጨመርበታል። ስፖንጁ ወጥቶ የአየር መግቢያው በንጹሕ ጨርቅ ይደፈናል። ስፖንጁ በነጭ ጋዝ፣ ቀጥሎም በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ ይታጠባል፤ እንዳይቀደድ ሳይጠመዘዝ በመዳፍ ተጨምቆ ጥላ ሥር ይደርቃል። ከደረቀ በኋላ የፊልትሮ ዘይት ይቀባና ቀለሙ በሁሉም በኩል አንድ ዓይነት እስኪሆን ይታሻል፣ ትርፉም ተጨምቆ ይወጣል። ጠርዙ ላይ ስስ ግራሶ ይደረጋል፤ ሲገጠም በአንድ ወገን ትንሽ ክፍተት ከተረፈ አቧራው በዚያው ሾልኮ ይገባልና። ቀዳዳ ያወጣ ወይም ሲነኩት የሚፈረፈር ስፖንጅ ግን ታጥቦ አይድንም፤ መቀየር አለበት።

ዘይት የተቀባ ስፖንጅ አቧራ ይሰበስባል፣ ስለዚህ ደረቁ ይሻላል የሚሉ አሉ። አቧራ መሰብሰቡ ግን የተፈለገው ነገር ነው። የስፖንጁ ቀዳዳዎች ከደቃቁ አቧራ እጅግ ስለሚሰፉ አቧራውን የሚይዘው ዘይቱ ነው፤ ደረቅ ስፖንጅ ትንኝ ያስቀር እንደሆን እንጂ ሲሊንደር አያድንም። ሌላው ክርክር ከዚህ የበለጠ ክብደት አለው፤ ፊልትሮ በተከፈተ ቁጥር ቆሻሻ የመግባት ዕድል ስላለ ማብዛቱ ይጎዳል ይላል። ይህ ለወረቀት ፊልትሮ በተለይ እውነት ነው። ወረቀት አይታጠብም፣ ዘይትም አይነካውም፤ በኃይለኛ የኮምፕሬሰር አየር ከተመታም ይቀደዳል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግን ማጽዳትን መተው ሳይሆን ጊዜውን በአቧራው መጠን መወሰን ነው። የአምራቾቹ መመሪያዎችም ለአቧራማ አካባቢ ጊዜው እንዲያጥር ያዝዛሉ። በክረምት ሳምንታትን የሚቆይ ስፖንጅ በጥር አቧራ በአንድ ቀን ጉዞ ሊሞላ ይችላል።

ባለሙያው የተቀጠረው ለክትባት ወይም ለሰብል ነው፣ ሞተር ማጽዳት የመካኒክ ሥራ ነው የሚለው ተቃውሞም መልስ ይሻል። መካኒኩ የሚገኘው ከተማ ነው፤ አቧራው ያለው ቀበሌ። በዳካር ራሊ ያለ ረዳት የሚወዳደሩ ሞተረኞች ሙሉ ቀን በረሃ ሲያቋርጡ ውለው ማታ ፊልትሯቸውን የሚቀይሩት ራሳቸው ናቸው፤ ለነገው ጉዞ ዋስትናቸው እሱ መሆኑን ያውቃሉ። የወረዳ ባለሙያ ውድድር ባይኖርበትም በበረዶ ሣጥን የያዘው ክትባት መንገድ ላይ ቆሞ አይጠብቀውም። ወጪን በተመለከተ ደግሞ የአንድ ስፖንጅ ዋጋ ከፒስተን፣ ከቀለበትና ከሲሊንደር ሥራ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ እነዚህ መለዋወጫዎች በውጭ ምንዛሪ የሚመጡ ናቸውና። የፊልትሮ ዘይት በትንንሽ ከተሞች እንደማይገኝ አልክድም። በዚህ ጊዜ መመሪያው የሚፈቅደውን ሌላ ንጹሕ ዘይት መጠቀም ይቻላል፤ ከሞተር የተቀዳ ያገለገለ ዘይት ግን የብረት ብናኝ ስላለበት ፈጽሞ አይሆንም። በቤንዚን ማጠብም እሳት ከመጋበዙ በላይ የስፖንጁን ማጣበቂያ ይፈታል።

እንግዲህ የሚያስፈልገው ውሳኔ ትልቅ አይደለም። የጨረታ ሰነዱ ለእያንዳንዱ ሞተር ሁለት ትርፍ ስፖንጅና በቂ የፊልትሮ ዘይት ይጠይቅ፤ አንዱ ታጥቦ ሲደርቅ ሌላው ስለሚሠራ የመስክ ጉዞ አይስተጓጎልም። ነጂው ቁልፍ ከመረከቡ በፊት ፊልትሮ አውጥቶ፣ አጥቦና ቀብቶ መመለስን በእጁ ሠርቶ ያሳይ። በጉዞ መዝገቡ ላይ ከኪሎ ሜትሩና ከነዳጁ ጎን የፊልትሮ አምድ ይጨመር፤ ነዳጅ የሚፈርመው ኃላፊም ያንን አምድ አይቶ ይፈርም። ሳይቃጠል በቅጠል የምንለው እንዲህ ላለው ነገር ነው። በሕዝብ ገንዘብ የተገዛ ሞተር በታጠበ ስፖንጅ ዓመታት ሊያገለግል ሲችል በአቧራ ተበልቶ ግቢ ውስጥ ቢቆም፣ ተጠያቂው መንገዱ ሳይሆን በጀት ያልያዘለት መሥሪያ ቤት ነው።