ስልካችሁን ይዛችሁ ለደቦ ውጡ

የሲዋርድ ሰፈር እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች!

ከፍራንክሊን ጎዳና አስቤዛ ገዝተን ስንመለስ፣ ሐኪም ዘንድ ስንቀመጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ስንደርስ ስልካችን ከኪሳችን አይወጣም። የጫንንባቸው ብዙ አፖች የት እንዳለንና ምን እንዳየን ይመዘግባሉ። ስልኩ ለማስታወቂያ ሲባል የተሰጠው መለያ አለው፤ ከአንዱ አፕ የተገኘው መረጃ ከሌላው ጋር የሚገጣጠመው በዚያ መለያ ነው። ድርጅቶችም ማን እንደታመመ፣ ማን እንደቸገረው ገምተው ማስታወቂያቸውን ይልካሉ።

«የምደብቀው የለኝም፤ ማስታወቂያ ምን ይጎዳኛል?» የምትሉ አላችሁ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 የወጣውን ዘገባ አስታውሱ። ሙስሊም ፕሮ የሶላት ሰዓትና የቂብላ አቅጣጫ የሚያሳይ፣ ከ98 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የተጫነ አፕ ነው። ተጠቃሚዎቹ ያሉበትን ቦታ ኤክስ-ሞድ ለተባለ ድርጅት ይልክ እንደነበር፣ ከኤክስ-ሞድ ገዢዎች መካከልም ለአሜሪካ ጦር የሚሠሩ ተቋራጮች እንደነበሩ ታወቀ። ሰዎቹ አፑን የከፈቱት ሊሰግዱ ነበር! አፑ ከዘገባው በኋላ ግንኙነቱን አቋረጠ፤ ያቋረጠው ግን ነገሩ አደባባይ ስለወጣ ነው።

አሁን ሕግ አለን። የሚኒሶታ የሸማቾች የመረጃ ጥበቃ ሕግ ከጁላይ 31 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ሕጉ የሚመለከታቸው ድርጅቶች ስለ እኛ የያዙትን እንዲያሳዩን፣ እንዲያርሙ፣ እንዲሰርዙ፣ እንዳይሸጡ፣ እየተከታተሉም ማስታወቂያ እንዳይልኩብን መጠየቅ እንችላለን። በ45 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጡናል፤ ጊዜው ካጠራቸው ደግሞ ማራዘም የሚችሉት ምክንያቱን ነግረውን ነው። ሃይማኖታችንን፣ ዘራችንን፣ ጤናችንንና የኢሚግሬሽን ሁኔታችንን የሚገልጥ መረጃ ያለ ፈቃዳችን መጠቀም አይችሉም።

ነገር ግን ሕጉ ለየግላችን የመክሰስ መብት አልሰጠንም። የሚከሰው የሚኒሶታ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነው። ጽሕፈት ቤቱ የሰፈራችንን በደል የሚያውቀው ስንነግረው ነው፤ አንድ አቤቱታ በክምር ወረቀት መካከል ሊጠፋ ይችላል፤ የአንድ ሰፈር አቤቱታ ግን አይጠፋም። ለአንድ ሰው ለብዙ ድርጅት ደብዳቤ መጻፍ አድካሚ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና በደቦ እናንሳው።

በመጪው እሑድ ቡና በሚፈላበት ቤት ሁሉ፣ በሲዋርድ ታወርስም በየፎቁ፣ ስልክ የሚያውቁ ልጆቻችን ከታላላቆቻቸው አጠገብ ይቀመጡ። ሦስት ሥራ አለን።

አንደኛ፣ የማስታወቂያ መለያውን እንዝጋ። አይፎን ላይ በፕራይቬሲ ሥር «ትራኪንግ» የሚለውን ማጥፋት፣ አንድሮይድ ላይ የማስታወቂያ መለያውን መሰረዝ ነው። ቦታችንን ማወቅ የማያስፈልገውን አፕም እንከልክለው።

ሁለተኛ፣ እንደ ፋየርፎክስና ዳክዳክጎ ያሉ ማሰሻዎች «መረጃዬን አትሽጡ» የሚል ምልክት ለየድረ ገጹ ይልካሉ። ስሙ ግሎባል ፕራይቬሲ ኮንትሮል ይባላል። ሕጉ የሚመለከታቸው ድርጅቶች ሊያከብሩት ይገባል፤ እናብራው።

ሦስተኛ፣ አንድ ደብዳቤ በጋራ አዘጋጅተን እያንዳንዳችን በስማችን ለድርጅቶቹ እንላከው። የላክንበትን ቀን በደብተር እንጻፍ። 45 ቀኑ አልፎ መልስ ከጠፋ፣ አቤቱታችንን ሰብስበን ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ እናስገባ።

ኦሮሞና ሶማሌ ጎረቤቶቻችንንም እንጥራ፤ ደብዳቤው በሁላችንም ቋንቋ ይብራራ። የሚመዘግበን አፕ አንድ ነው፤ በቋንቋ ተከፋፍለን ልንመልሰው አንችልም።

እ.ኤ.አ. በ1972 የዚህ ሰፈር ሰዎች ተባብረው ሲዋርድ ኮ-ኦፕን ከፈቱ፤ መደብሩ ዛሬም የአባላቱ ነው። ለምግባቸው የሚሆነውን በእጃቸው ያስገቡት ጎረቤት ለጎረቤት ተጠራርተው ነው። እኛም ስለ ራሳችን የተጻፈውን በእጃችን ለማስገባት እንጠራራ። ዛሬ ማታ አንድ በር አንኳኩ፤ እሑድ ደግሞ ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ!