የሆሳዕና እግር ኳስ ተጫዋች የሙያ ጉዞ

ሀዲያ ሆሳዕና በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል፣ በሀዲያ ዞን ዋና ከተማ በሆሳዕና የሚገኝ የእግር ኳስ ክለብ ነው። ሀምበሪቾ ዱራሜ ደግሞ የአጎራባቹ የከምባታ ዞን ዋና ከተማ የዱራሜ ክለብ ነው። ሁለቱም ባለፉት ዓመታት ወደ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አድገዋል። በዚህም የአካባቢው ወጣት እግር ኳስ እንጀራ የሚያበላ ሙያ ሊሆን እንደሚችል በገዛ ከተማው ስም ተመልክቷል። ይሁን እንጂ የክለቦቹ ማደግ ለተጫዋቹ የተረጋጋ ሕይወት አላመጣም። ዋናው ምክንያት የችሎታ ማነስ ሳይሆን ክለቦቹ የሚተዳደሩበት ገንዘብ የሚመጣበት መንገድ ነው። ይህ መጣጥፍ ጉዳዩን ይመረምራል፤ ለንጽጽርም ሁለት ታላላቅ አጥቂዎችን ያፈራችውን የኡራጓይ ከተማ ሳልቶን ይወስዳል።

የክለቦቹ አነሳስ

ሆሳዕና ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ደጋማ ከተማ ናት። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲና አቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም የሚገኙት በዚህችው ከተማ ነው። በቅጽል ስሙ «ነብሮቹ» የሚባለው ሀዲያ ሆሳዕና ፕሪሚየር ሊጉን ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀላቀለው በ2008 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ሲሆን በዚያው ዓመት ወረደ። ከዚያም ከሰበታ ከተማና ከወልቂጤ ከተማ ጋር አድጎ በ2012 ተመለሰ። የዚያ ዓመት ውድድር ግን በኮቪድ 19 ወረርሽኝ ምክንያት ሳይጠናቀቅ ተሰረዘ።

ሀምበሪቾ ዱራሜ ስሙን ያገኘው ከዱራሜ አጠገብ ካለው የሀምበሪቾ ተራራ ነው። ክለቡ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክና ከሻሸመኔ ከተማ ጋር አድጎ በ2016 የውድድር ዘመን በፕሪሚየር ሊጉ ተጫወተ፤ በዚያው ዓመትም ተመልሶ ወረደ። ከእርሱ ጋር ከታችኛው ሊግ የመጣው ንግድ ባንክ ግን በዚሁ ዓመት የሊጉን ዋንጫ አነሳ። በአንድ ጊዜ አብረው ያደጉ ሁለት ክለቦች፣ አንዱ ሻምፒዮን ሌላው ወራጅ ሆነው ዓመቱን መጨረሳቸው የሊጉን የገንዘብ አቅም ልዩነት በግልጽ ያሳያል። በቀጣዩ የ2017 የውድድር ዘመንም ዋንጫው የሄደው ወደ ሌላ የፋይናንስ ተቋም ክለብ፣ ወደ ኢትዮጵያ መድን ነበር።

የክለቦቹ ገቢ

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦችን በገቢ ምንጫቸው በሁለት ከፍሎ ማየት ይቻላል። አንደኞቹ በባንክ፣ በመድን ድርጅት፣ በመከላከያ ሠራዊትና በመሳሰሉት ተቋማት የሚደገፉ ናቸው። ሁለተኞቹ የከተማና የዞን አስተዳደር በሚመድበው በጀት የሚተዳደሩ ናቸው፤ ሀዲያ ሆሳዕናና ሀምበሪቾ የሚመደቡት ከእነዚህ ጋር ነው። የመንግሥት በጀት ለመምህርና ለጤና ባለሙያ ደመወዝ፣ ለመንገድና ለውኃም የሚያስፈልግ ገንዘብ ነው። በጀቱ ሲጠብ ወይም ሲዘገይ የተጫዋቹ ደመወዝ አብሮ ይዘገያል።

በ2013 ዓ.ም. የሊጉ አደረጃጀት ተለወጠ። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር የቴሌቪዥን ስርጭት መብቱን ለዲኤስቲቪ ሸጠ፤ ጨዋታዎቹም በባለሜዳ ክለቦች ከተማ መካሄዳቸው ቀርቶ በተመረጡ ከተሞች ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሀዋሳ በየተራ አስተናገዱ። ይህ አሠራር ለስርጭቱ የሚመች ሜዳ አስገኝቷል፤ ክለቦችም ከስርጭት መብቱ ድርሻ ማግኘት ጀመሩ። በአንጻሩ ግን የትንንሽ ከተሞች ክለቦች ሁለት ነገር አጡ። አንደኛው የስታዲየም መግቢያ ገቢ ነው። ሁለተኛው በየሳምንቱ ሜዳ የሚሞላው የራሳቸው ሕዝብ ነው። ቡድኑ ለወራት ከከተማው ውጭ ሆቴል እየከፈለ መክረም ግድ ሆነበት። የዱራሜ ሕዝብም ክለቡ በፕሪሚየር ሊጉ በቆየበት ብቸኛ ዓመት አንድም የሊግ ጨዋታ በከተማው አላየም።

የተጫዋቹ ውል

በኢትዮጵያ የተለመደው የተጫዋች ውል የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። ውሉ ሲያልቅ ተጫዋቹ ነፃ ሆኖ ሌላ ክለብ ይፈርማል፤ የቀድሞው ክለብም በአብዛኛው የዝውውር ገንዘብ አያገኝም። ስለዚህ በየክረምቱ የአንድ ክለብ ግማሽ ቡድን ሊለወጥ ይችላል። ክለቡ በተጫዋቹ ዕድገት የሚያተርፈው ነገር ስለሌለ ታዳጊ ከማሳደግ ይልቅ የዳበረ ተጫዋች መግዛት ይመርጣል።

የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ የሀዲያ ሆሳዕና የ2013 ቡድን ነው። አጥቂው ዳዋ ሆቴሳና የቀኝ ተከላካዩ ሱሌማን ሀሚድ በዚያ ዓመት የሆሳዕናን መለያ ለብሰው ተጫውተዋል። በዓመቱ መገባደጃ ግን ዋና ዋና ተጫዋቾች ባነሱት የክፍያ ጥያቄ ከክለቡ ጋር አለመግባባት ተፈጥሮ ክለቡ የወጣት ቡድኑን ልጆች ለማሰለፍ ተገደደ። በቀጣዩ ዓመት ዳዋ በአዳማ ከተማ፣ ሱሌማን በቅዱስ ጊዮርጊስ ይጫወቱ ነበር። ሁለቱም በውበቱ አባተ ብሔራዊ ቡድን ውስጥ ሆነው በጥር 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ተሳትፈዋል። ዳዋ በአስተናጋጇ ካሜሩን ላይ ገና በ4ኛው ደቂቃ ግብ አስቆጠረ፤ ጨዋታው ግን 4 ለ 1 በሆነ ውጤት በካሜሩን አሸናፊነት ተጠናቀቀ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ በማላዊ ሊሎንግዌ ግብፅን 2 ለ 0 ስታሸንፍ የመጀመሪያውን ግብ ያስቆጠረው እርሱ ነበር፤ ሁለተኛውን ሽመልስ በቀለ ጨመረ። እነዚህን ተጫዋቾች ለአንድ ዓመት ያጫወተችው ሆሳዕና ግን ከስማቸው መግነን ያገኘችው የገንዘብ ጥቅም አልነበረም።

ደመወዝን በተመለከተ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንና ክለቦች በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ የአንድ ተጫዋች ከፍተኛ ወርሃዊ ክፍያ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ወስነው ነበር። ዓላማው የክለቦችን ወጪ መግታት ነበር። ይሁንና ጣሪያው ከውል ውጭ ለሚፈጸም ክፍያ በር ከፍቷል የሚል ትችት ሲቀርብበት ቆይቷል። ተጫዋቹ በወረቀት ላይ ያልሰፈረ ገንዘብ ቢከለከል በፌዴሬሽኑ ፊት የሚያቀርበው ማስረጃ አይኖረውም። ከ2017 የውድድር ዘመን ጀምሮ የአንድን ተጫዋች ደመወዝ ሳይሆን ክለቡ በጠቅላላው ለተጫዋቾች የሚያወጣውን ገንዘብ የሚገድብ ሥርዓት ተዘርግቷል። በዚሁ የውድድር ዘመን ወልቂጤ ከተማ ከገንዘብ ችግር ጋር በተያያዘ ከሊጉ ውጭ መሆኑ የበጀት ክለቦች ምን ያህል በቀጭን ገመድ ላይ እንደሚራመዱ አመልክቷል።

የሳልቶ ንጽጽር

ሳልቶ በኡራጓይ ሰሜን ምዕራብ፣ ከአርጀንቲና ድንበር አጠገብ የምትገኝ ከተማ ናት። የሕዝቧ ቁጥር ከ100 ሺህ ብዙም አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1987 በዚህች ከተማ በሦስት ሳምንት ልዩነት ሁለት ሕፃናት ተወለዱ፤ ሉዊስ ሱዋሬዝ በጥር 24፣ ኤዲንሰን ካቫኒ በየካቲት 14።

ሱዋሬዝ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ዋና ከተማዋ ሞንቴቪዴዮ ሄደ። በናሲዮናል ክለብ ታዳጊ ቡድን አልፎ እ.ኤ.አ. በ2005 ለዋናው ቡድን ተሰለፈ። በ2006 ገና በ19 ዓመቱ ወደ ኔዘርላንዱ ግሮኒንገን ተሸጠ። ከዚያም በአያክስ፣ በሊቨርፑል፣ በባርሴሎናና በአትሌቲኮ ማድሪድ ተጫወተ፤ በ2022 ወደ ናሲዮናል ተመልሶ ከቆየ በኋላ ወደ ብራዚሉ ግሬሚዮና ወደ አሜሪካው ኢንተር ማያሚ አመራ። ከብሔራዊ ቡድኑ በ2024 ሲሰናበት በ143 ጨዋታዎች 69 ግቦችን አስቆጥሮ የኡራጓይ የምንጊዜም ከፍተኛ ግብ አግቢ ነበር። ካቫኒም ከሞንቴቪዴዮው ዳኑቢዮ ተነስቶ በ2007 ወደ ጣሊያኑ ፓሌርሞ፣ ከዚያ ወደ ናፖሊና ወደ ፓሪስ ሴንት ዠርሜን ተሻገረ።

በሁለቱም ታሪክ ውስጥ አንድ ሰንሰለት ይታያል። የከተማው ልጅ በታዳጊ ውድድር ይታያል፤ የዋና ከተማው ክለብ ወስዶ ያሳድገዋል፤ ክለቡ በ20 ዓመቱ ገደማ ይሸጠዋል፤ ከሽያጩ ያገኘውን ገንዘብ ተመልሶ በታዳጊዎች ላይ ያውላል። ሕዝቧ 3.5 ሚሊዮን ገደማ ብቻ የሆነው ኡራጓይ በእግር ኳስ የምትታወቀው ሀብታም ሊግ ኖሯት አይደለም። ክለቦቿ በተጫዋች ዕድገት ስለሚያተርፉ ነው።

ሰንሰለቱ በዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር ፊፋ ደንብም የተደገፈ ነው። ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ከአገር ወደ አገር ሲሸጥ ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመት ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዋጋው 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.5 በመቶ ይታሰባል። ለምሳሌ አንድ ክለብ አንድን ልጅ ከ12 እስከ 18 ዓመቱ ቢያሠለጥን፣ ልጁም በኋላ በ1 ሚሊዮን ዶላር ቢሸጥ፣ ክለቡ 2.5 በመቶ ማለትም 25,000 ዶላር ይደርሰዋል። ገንዘቡን ለመጠየቅ ግን ልጁ በየዓመቱ በየትኛው ክለብ እንደተመዘገበ የሚያሳይ ሰነድ ያስፈልጋል። በሠፈር ሜዳና በታዳጊ ፕሮጀክት ያለ ምዝገባ ያደገ ልጅ ነገ ቢሸጥ ያሳደገችው ከተማ የምትጠይቅበት ወረቀት አይኖራትም።

ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስዱ ሁለት መንገዶች

ኢትዮጵያውያን ተጫዋቾች ወደ ውጭ የሚሄዱበት በር ጠባብ ቢሆንም ዝግ አይደለም። ጌታነህ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ ተዛወረ። ሽመልስ በቀለ በግብፅ ሊግ ለዓመታት ተጫውቷል። በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግቦችን ያስቆጠረው አቡበከር ናስር እ.ኤ.አ. በ2022 የደቡብ አፍሪካውን ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተቀላቅሏል።

ደቡብ አፍሪካ ለሆሳዕናና ለዱራሜ ወጣት እንግዳ አገር አይደለችም። ከሀዲያና ከከምባታ እጅግ ብዙ ወጣቶች በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አቋርጠው ወደዚያ ተሰደዋል፤ የሚልኩት ገንዘብም በየከተማው ቤት ሠርቷል፣ ሱቅ ከፍቷል። የመንገዱ አደጋ ግን ከባድ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው ተገኝተዋል።

ስለዚህ በሆሳዕና የ17 ዓመት ልጅ ፊት ያለው ምርጫ የኳስ ፍቅር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአንድ ወገን ለአንድ ዓመት የሚፈረም፣ ክፍያው ሊዘገይ የሚችል ውል አለ። በሌላ ወገን ጎረቤቱ የሄደበት የደላላ መንገድ አለ። ጌታነህና አቡበከር የሄዱበት ሦስተኛው፣ በውልና በቪዛ የሚኬደው መንገድ፣ ለእርሱ ከሁለቱም ይልቅ ሩቅ ነው።

የሚነሱ የመፍትሔ ሐሳቦች

በጉዳዩ ላይ የሚነሱት ሐሳቦች በሦስት ይጠቃለላሉ። የመጀመሪያው ክለቦች በአስተዳደር በጀት ላይ ብቻ ከመንጠልጠል ወጥተው በአባላት መዋጮ፣ በአካባቢው ነጋዴዎችና በውጭ አገር በሚኖሩ ተወላጆች ድጋፍ እንዲቆሙ ነው። ሁለተኛው የትንንሽ ከተሞች ስታዲየሞች ደረጃቸውን አሟልተው ሊጉ ወደ ባለሜዳ ከተሞች እንዲመለስ ነው። ሦስተኛው ታዳጊዎችን ከ12 ዓመታቸው ጀምሮ መመዝገብና ረዘም ያለ ውል ማስፈረም ነው።

ከሦስቱ ሦስተኛው በአንጻራዊነት ትንሽ ገንዘብ ይጠይቃል፤ መዝገብ መያዝ ከአንድ የዳበረ አጥቂ ደመወዝ ይረክሳል። ውጤቱ ግን የሚታየው ከስድስትና ሰባት ዓመት በኋላ ነው፤ የአስተዳደር በጀት የሚጸድቀውም፣ ክለብ ከሊጉ የሚወርደውም በየዓመቱ ነው። የሀዲያና የከምባታ ክለቦች ፈተና እዚህ ላይ ነው፤ ዘንድሮ ላለመውረድ የሚወጣው ገንዘብ የነገውን ተጫዋች ማሳደጊያ ይበላዋል።