ከሹመት የመውረጃው መንገድ

ከላሊበላ ከተማ ተነሥቶ ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣ ሰው ገና ሽቅብ ሲጀምር ስለ መውረዱም ማሰብ ይገባዋል። መንገዱ በአቡነ ዮሴፍ ተራሮች በኩል ከ3000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ በመጨረሻም በዓለት መካከል ጠባብ መተላለፊያ አለው። ለመሳለም የወጣ ሁሉ ተመልሶ በዚያው ይወርዳል።

ይህ ደብር በትውፊት የሚያያዘው ከንጉሡ ከነአኩቶ ለአብ ጋራ ነው። ስለ ዛጔ መንግሥት ፍጻሜ ደግሞ ሁለት ታሪክ ይነገራል። አንደኛው ነአኩቶ ለአብ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት አማላጅነት ዙፋኑን ለይኩኖ አምላክ በፈቃዱ ለቀቀ ይላል። ሁለተኛው የመጨረሻው የዛጔ ንጉሥ ጋይንት ላይ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተገደለ ይላል። እውነቱን መመርመር የታሪክ ባለሙያዎች ፈንታ ነው። እኛን ያሳሰበን አገራችን ደጋግማ ሁለተኛውን መንገድ መምረጧ ነው።

ለዚህ የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድን የሥራ ዘመን እንመልከት። በ1904 ዓ.ም. ተወልደው በእስክንድርያና በፓሪስ ተማሩ፤ በጠላት ወረራ ጊዜ በፓሪስ የአገራቸውን ጉዳይ ይከታተሉ ነበር። በ1937 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በሳን ፍራንሲስኮ ሲመሠረት ከኢትዮጵያ መልእክተኞች አንዱ ነበሩ፤ የኤርትራንም ጉዳይ በዚያው ድርጅት ፊት ተከራከሩ። እንዲህ ያለውን አገልግሎት መካድ አይገባም። በ1953 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በዚያም ወንበር 13 ዓመት ያህል ቆዩ።

ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት መጨረሻ የወሎ ገበሬ በረሀብ ሲረግፍ መንግሥት ነገሩን ሸፈነው። የዩኒቨርስቲው መምህራንና ተማሪዎች በ1965 ዓ.ም. የረሀቡን ፎቶግራፍ ለሕዝብ አሳዩ። ያን ጊዜ «ኀላፊነቱ የእኔ ነው» ብሎ ወንበሩን የለቀቀ ሚኒስትር አልነበረም። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ሿሚውም ሻሪውም ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ነበሩ፥ ሹሙ ለሕዝቡ መልስ የሚሰጥበት በር አልተከፈተም። አክሊሉ የለቀቁት ወታደሩ፥ መምህሩ፥ ተማሪውና ታክሲ ነጂው ከተነሡ በኋላ በየካቲት 20 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ የሆነው ይባስ የከፋ ነው። የባለ ሥልጣኖቹን ጥፋት እንዲያጣራ የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን ሥራውን ሳይፈጽም፥ ደርግ በኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. አክሊሉን ጨምሮ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። በዚህም ጥፋተኛውና ንጹሑ ሳይለይ ቀረ። ለወሎ ሙታን መልስ ሊሰጥ ይገባው የነበረ አፍ በጥይት ተዘጋ። ፍትሕ የጠየቀው ሕዝብ በፍትሕ ፈንታ ሬሳ ተሰጠው።

ሌላ መንገድ እንዳለ ቆይቶ ታይቷል። በአርባ ምንጭ መምህር የነበሩት ኢንጂነር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ በ2005 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው፥ አገሪቱ በተቃውሞ ስትናወጥ በየካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. መልቀቂያ አቀረቡ፤ በመጋቢትም ወንበሩን ለተተኪያቸው አስረከቡ። በዘመናቸው ስለ ፈሰሰው ደም የሚጠየቀው ጥያቄ በመልቀቃቸው አይሰረዝም። ቢሆንም በሕይወት ያለ ሰው ሊጠየቅና ሊመልስ ይችላል።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ሹመትን የድግስ ገበታ አድርጎ አስተምሮናል። በገበታው የተቀመጠ ደግሞ በፈቃዱ አይነሣም፤ የሚነሣው ተጎትቶ ነው። ከእኛም መካከል ነገ በቢሮ ወንበር የሚቀመጡ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ልምምዱን እዚሁ ከማኅበራችን እንጀምር። የማኅበሩ ሹማምንት የሥራ ዘመናቸው ሲፈጸም ሒሳባቸውን በጉባኤ ፊት አሳይተው፥ ቁልፉንና መዝገቡን አስረክበው ይውረዱ። እኛም ያጠፉትን እንጠይቃቸው፤ ለሠሩት እናጨብጭብላቸው። ይህን በአንዲት ትንሽ ክፍል ያልለመደ ሰው በቤተ መንግሥት ይለምደዋል ብለን አንጠብቅ።