ማርሽ ስለላላ ካምቢዮ አይወርድም

ዛሬ ስለ ሸቀጥ ዋጋም ስለ ምንዛሪም አንጽፍም። ነገራችን ስለ መኪና ነው፤ ያውም ስለ ማርሽ። «ሴትዮዋ ደግሞ መካኒክ ሆነች» የሚል አይጠፋም። ይበል። ገንዘቡ ከእኛ ኪስ እስከወጣ ድረስ ነገሩ የእኛም ነው።

ቦሪ ውስጥ የምንሠራባት አሮጌ ሃይሉክስ ፒክአፕ አለችን። በርበሬና ሽሮ ትጭናለች፣ ጠዋት ልጆች ታደርሳለች፣ ሌሊት ምጥ የያዛት ጎረቤት ካለችም ሐኪም ቤት የምትሮጠው እሷው ናት። ከጥቂት ወራት በፊት የማርሿ ዘንግ መወዛወዝ ጀመረ። መጀመሪያ ትንሽ ነበር። ኋላ ግን እንደ ገንፎ ማማሰያ በሁሉም አቅጣጫ ይዞር ጀመር፤ ሁለተኛ ገባ ሲባል አራተኛ ይሆናል፣ አንዳንዴም የትም አይገባም። ሾፌራችን «ለምጄዋለሁ» ይለናል፣ እኛም እናምነዋለን።

አንድ ቀን ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ሊቀንስ ሲል ማርሹ ባዶ ሆኖ ቀረ፣ መኪናዋም ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ፍሬኑ ያዘላት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከኋላዋ ግን ውሃ የጫነች አህያና ሁለት ሕፃናት ነበሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ «ለምጄዋለሁ» የሚለውን ቃል በቤታችን አንሰማም።

ጋራዥ ወሰድናት። ሰውየው ዘንጉን አንዴ ነቅነቅ አደረገና «ካምቢዮው መውረድ አለበት» አለን። የተጠየቅነው 35,000 ሽልንግ ነው፤ መኪናዋም አራት ቀን ትቆማለች። በኮሜርስ ዲፕሎማችን የተማርነውን ያህል ወረቀት ላይ አስቀመጥነው፦ የጥገናው፣ አራት ቀን ለሌላ መኪና የምንከፍለው ኪራይ፣ ሳይደርስ የሚቀረው ዕቃ። ልንከፍል ትንሽ ነበር የቀረን። ከኢትዮጵያ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ መካኒክ፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁን።

«ማርሹ ሲገባ ይጮኻል?»

«ኧረ አይጮኽም ጋሼ። መግባቱን ከገባ ዝም ነው።»

«ታዲያ ካምቢዮው ምን አደረጋችሁ?»

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። እንደኛ ባሉ አሮጌ ፒክአፖች ዘንጉ በቀጥታ ካምቢዮው ውስጥ ይገባል። ታችኛው ጫፉ ድብልብል ነው፤ እዚያ ላይ እንደ ቀለበት ያለች የፕላስቲክ ቡሽ ትጠለቃለች። ቡሿ ስታረጅ ትሰነጠቃለች፣ ዘንጉም የሚይዘው ያጣል። ካምቢዮው ጤነኛ ነው፤ እጃችንና ካምቢዮው ናቸው መስማማት ያቃታቸው። ፊተኛው ጎማቸው በሚነዳ ትንንሽ መኪኖች ደግሞ ዘንጉ ከካምቢዮው ጋር የሚገናኘው በካቦ ወይም በረጃጅም ብረት ነው፤ የሚያረጁት በየመገናኛው ያሉት ቡሾች ናቸው።

ለመለየት ጥበብ አያስፈልግም። ሞተሩ ይጥፋ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ይደረግ። ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ማርሹን አስገቡ። ከገባ በኋላም ዘንጉ እንደ ልቡ የሚወዛወዝ ከሆነ መጀመሪያ ቡሹን ጠርጥሩ። ዘንጉ ጠንካራ ሆኖ ሲገባ የሚጮኽ ከሆነ ነገሩ ወደ ፍሪሲዮን ወይም ወደ ካምቢዮው ውስጥ ያደላል። ነዳጅ ስትሰጡ ዘንጉ ብድግ ቁጭ የሚል ከሆነ የሞተሩና የካምቢዮው መቀመጫ ጎማዎች ይታዩ። በጉዞ ላይ ማርሹ በራሱ የሚወጣ ከሆነ ግን ያኔ የጋራዡን ሰውዬ አንቃወመውም።

ጋሼ ሲሠሩ አጠገባቸው ቆመን አየን። የላስቲክ ሽፋኑን አነሡ፣ አቧራውን በደንብ ጠረጉ (የቦሪን አቧራ ታውቁታላችሁ)፣ ዘንጉን የያዘውን ክዳን ወደ ታች ተጭነው አዞሩትና መዘዙት። ቀዳዳውን ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ሸፈኑት፤ አሸዋ ከገባ እውነተኛው የካምቢዮ በሽታ ያን ጊዜ ይጀምራል። የቡሿ ግማሽ አልነበረም፤ ስብርባሪውን በረጅም ወረንጦ ለቅመው አወጡት። አዲሷን አጠለቁ፣ ግራሶ ቀቡ፣ መለሱት። ሻይ ፈልቶ ሳይቀርብ አለቀ። ቡሿ 300 ሽልንግ ነበረች።

ቡሽ በጠፋ ጊዜ ቶርኖ ቤት ከናይለን ያስቀረጹ ሰዎች አሉ፤ በልክ ከተሠራ ደህና ነው። ከመነዳሪ ቆርጦ መጠቅለል ግን ቤት ለመድረሻ ብቻ ይሁን። ጎማ ዘይት ሲነካው ይቦካል፣ ቁራጩም ካምቢዮው ውስጥ ይወድቃል።

እዚህ የምንሰማት አንዲት ወሬ አለች፦ «የኢትዮጵያ ሾፌር በቀኝ እጁ ማርሽ ለምዶ የኬንያ መኪና ላይ በግራው ሲታገል ነው የሚያላላው» ትላለች። አንቀበላትም። የሞያሌ ሾፌር ድንበሩን በተሻገረ ቁጥር የመንገዱን ጎን ሲቀይር ነው የኖረው። ጉዳት ያለው እጅን ዘንጉ ላይ አሳርፎ መንዳት ነው፤ ያ ካምቢዮው ውስጥ ያሉትን ማርሽ ገፊ ሹካዎች ይበላል፣ የግራም ሆነ የቀኝ እጅ ይሁን።

«አሮጌዋን ሽጣችሁ ደህና መኪና ግዙ» የሚሉንም አሉ። በምን? ኬንያ ከስምንት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና አታስገባም። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. በአሮጌ መኪና ላይ ኤክሳይዝ ታክሱን ከፍ አደረገች፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለች። በእጃችን ያለችው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ትሠራልናለች፤ እንግዲህ እንወቃት።

ፉንዲዎቹን ሁሉ ሌባ ማለታችን አይደለም። ፀሐይ ላይ ውለው በትንሽ ገንዘብ ስንቱን መኪና ያስነሡ አሉ። ጥፋቱ የእኛም ነው፤ ቁልፉን ሰጥተን እንሄዳለን፣ ሒሳቡን ብቻ እንጠይቃለን። በተለይ ባሎቻቸው መንገድ ላይ የሆኑ ወይም የሞቱባቸው እህቶቻችን የተባሉትን ይከፍላሉ። እኛ ከአሁን በኋላ ሁለት ነገር እንጠይቃለን፦ ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት ዘንጉ ተመዝዞ ቡሹ ይታየን፣ የተቀየረው አሮጌ ዕቃም በእጃችን ይሰጠን። የተሰበረችው የእኛ ቡሽ ክሩስኮቶ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ማየት የፈለገ እናሳየዋለን።

በሚቀጥለው ሳምንት ከናይሮቢ ዕቃ የሚያመጣልን ሰው አለ። አሮጌ ሃይሉክስ ያላችሁ እስከ ሐሙስ ድረስ ሱቃችን ብቅ በሉና ስንት ቡሽ እንደምትፈልጉ ንገሩን። ቢቻል አሮጌዋን ይዛችሁ ኑ፤ መጠኗ ይለያያልና።